ግራፉ ያማረ፣ ኮከቦቹ ሞላላ፦ የአውቶጋይዲንግ መሣሪያ ስመርጥ ያለፍሁበት መንገድ

በቴሌስኮፕ የሰማይ ፎቶግራፍ ማንሳት ከጀመርሁ ወዲህ ለአውቶጋይዲንግ፣ ማለትም ማውንቱ (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው መሣሪያ) አንድን ኮከብ እያየ የራሱን ስህተት እንዲያርም ለሚያደርገው ሥርዓት፣ ሦስት ጊዜ ዕቃ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ግዢ ከልክ በላይ ትልቅ፣ ሁለተኛው ልክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሌላ ቴሌስኮፕ የግድ ያስፈለገኝ ነበር። በመጀመሪያው ምክንያት ብዙ ጥርት ያሉ ሌሊቶች ባክነውብኛል። ስለዚህ ምን እንደገዛሁ፣ የት ላይ እንደተሳሳትሁና ኋላ በምን ስሌት ወደሚሠራው ዕቃ እንደደረስሁ፣ ተመሳሳይ ግዢ ለሚያስብ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከማውንቱ ነው። ሰማዩ በላያችን በአንድ ሰከንድ 15.04 አርክ ሰከንድ ያህል ይዞራል፤ አንድ አርክ ሰከንድ ማለት አንድ ዲግሪ ለ3600 ተከፍሎ የሚገኝ ቁራጭ ነው። ኢኳቶሪያል ማውንት ይህን ዙረት በሞተርና በማርሽ ይከተለዋል፤ ሆኖም ማርሽ ሲፈለፈል ጥቃቅን ጉድለት ስለማያጣ፣ ማውንቱ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል። በእኔ ማውንት ዎርም የተባለው ጠመዝማዛ ዘንግ አንድ ዙር ለመጨረስ 8 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በእነዚህ 8 ደቂቃዎች ውስጥ ኮከቡ በራይት አሴንሽን (በምሥራቅ-ምዕራብ) አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 አርክ ሰከንድ ያህል ይመላለሳል። በወቅቱ የነበረኝ ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 80 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 480 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የካሜራው ፒክስል 3.76 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነበር። በማይክሮን የተለካውን ፒክስል በ206.265 አባዝተን በሚሊሜትር ለተለካው የትኩረት ርዝመት ብናካፍለው፣ አንድ ፒክስል ስንት አርክ ሰከንድ እንደሚሸፍን እናገኛለን፤ በእኔ ዕቃ 1.6 ነበር። እንግዲህ 30 አርክ ሰከንድ ማለት ኮከቡ 19 ፒክስል ያህል ተንሸራተተ ማለት ነው። ፎቶው 30 ሰከንድ ሲሆን ከሦስቱ ሁለቱ ይተርፉልኝ ነበር፤ 5 ደቂቃ ሲሆን ግን አንዱም አይተርፍም።

ይህን ቁጥር ያወቅሁት ዕቃውን ከገዛሁ በኋላ መሆኑ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ዛሬ ቢሆን ከግዢው በፊት ማውንቱን እለካ ነበር፤ ለዚያም የሚያስፈልገው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ፒኤችዲ2 የተባለው ነፃ ፕሮግራም የጋይዲንግ ረዳት የሚሉት መለኪያ አለው። ይህ መለኪያ ማውንቱን ሳያርመው ኮከቡን ብቻ እየተከታተለ የማርሹን ውዝዋዜ መጠንና ፍጥነት፣ የማውንቱ ዘንግ ከሰማይ ዋልታ ምን ያህል እንደራቀ፣ እንዲሁም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሚያዞረው የዴክሊኔሽን ማርሽ ጥርሶች መካከል ያለውን ልል ክፍተት ያሳያል። ለዚህ መሪ ካሜራ፣ ማለትም ለአውቶጋይዲንግ ኮከቡን ብቻ የሚከታተል ሁለተኛ ካሜራ፣ መያዝ ግድ አይደለም፤ ዋናው ካሜራ ከኮምፒዩተር የሚታዘዝ ዓይነት ከሆነ፣ በዋናው ቴሌስኮፕ ላይ እንደተገጠመ ለአንድ ሌሊት በመሪ ካሜራነት ማገልገል ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሙሉ የዎርም ዙር፣ በእኔ ማውንት 16 ደቂቃ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ የተገኘ ቁጥር ያሳስታል።

እኔ ይህን ልኬት ዘግይቼ ስሠራ ዘንጌ ከዋልታው በ12 አርክ ደቂቃ (አንዱ 60 አርክ ሰከንድ ነው) ስቶ አገኘሁት። ከዋልታው በ1 አርክ ደቂቃ መሳት ኮከቡን ቢበዛ በደቂቃ 0.26 አርክ ሰከንድ ያንሸራትታል፤ በ12 ሲባዛ በደቂቃ ከ3 አርክ ሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። አውቶጋይዲንግ ይህን ሊያርም ይችላል፤ ነገር ግን መሪው ኮከብ ባለበት ቢቆም እንኳ የቀረው ሰማይ በመሪው ኮከብ ዙሪያ ቀስ እያለ መዞሩ አይቀርም፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ዋጋ በሚገዛ መሪ ካሜራ አይድንም። በግማሽ ሰዓት ሥራ ዘንጉን ከዋልታው ወደ 1 አርክ ደቂቃ አስጠጋሁት፤ ምንም ሳልገዛ የተሻሻለልኝ ነገር ከዚያ በኋላ ከገዛኋቸው ብዙዎቹ ዕቃዎች ይበልጣል።

ወደ መጀመሪያው ግዢ ልመለስ። በጊዜው ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ መሪ ካሜራው የሚገጠምበት መሪ ቴሌስኮፕ በተለቀ መጠን ኮከቡን አጉልቶ ያያል፣ አጉልቶ ካየ ደግሞ አጥርቶ ያርማል። በዚህ ሐሳብ የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 400 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከማቀፊያው ጋር ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቴሌስኮፕ ገዛሁና በዋናው ላይ ጫንሁት። የተያዘው በሁለት ሰፋፊ ቀለበቶች ነበር፤ እያንዳንዱ ቀለበት በሦስት ብሎን ቱቦውን ከሦስት አቅጣጫ ይገፋል፣ ብሎኖቹን በማላላትና በማጥበቅም መሪ ቴሌስኮፑን ወደ ደማቅ ኮከብ ማዞር ይቻላል። ይህ አሠራር ሰዎች ዓይናቸውን በመስቀል ክር ላይ ተክለው ሌሊቱን ሙሉ በእጃቸው ይመሩ ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ነው፤ ያኔ ደማቅ ኮከብ መፈለግ ግድ ነበር። ዛሬ ያለው ካሜራ ደካማውንም ኮከብ ስለሚያይ ማዞሩ አያስፈልግም፤ የቀረልን የብሎኖቹ ልልነት ብቻ ነው።

ሥርዓቱ ሲሠራ ፕሮግራሙ የምሪቱን ስህተት የሚያሳይበት ግራፍ የሚያስደስት ነበር። አርኤምኤስ የሚባለው አማካይ ስህተት 0.6 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነበር፤ ከአንድ ፒክስሌ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፎቶዎቹን ስከፍት ግን ኮከቦቹ በሙሉ፣ ከመሃል እስከ አራቱ ማዕዘን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ ሞላላ ነበሩ። ሁለት ወር ያህል ስህተቱን በሌለበት ቦታ ስፈልግ ከረምሁ። ትኩረቱን ጠረጠርሁ፣ ካሜራው ጎብጦ ተገጥሞ ይሆናል ብዬ ፈታሁት፣ ነፋሱን ወነጀልሁ፣ የፕሮግራሙን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለዋወጥሁ። ግራፉ ያማረ ስለነበረ ጥርጣሬዬ ወደ መሪ ቴሌስኮፑ ከቶ አልዞረም።

መልሱን የሰጠኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተነሱትን ፎቶዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ምስሉ በሙሉ በቀጥታ መስመር 38 ፒክስል ተንሸራቷል፤ ይህም 61 አርክ ሰከንድ ያህል፣ በደቂቃ አንድ አርክ ሰከንድ ማለት ነው። በ5 ደቂቃ ፎቶ ላይ ሦስት ፒክስል የሚሆን ጭራ ይወጣል፤ ያየሁትም ሞላላ ይኸው ነበር። በዚያው ሰዓት መሪው ኮከብ በመሪ ካሜራው ላይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ መሪ ቴሌስኮፑና ዋናው ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ የሚያዩበት አቅጣጫ እርስ በርስ ይለያይ ነበር፤ ማውንቱ ሲዞር ክብደቱ የሚያርፍበት ጎን ይቀየራል፣ ቀለበቱም ብሎኑም ቱቦውም በጥቂቱ ይጎብጣሉ። ምን ያህል ትንሽ መጉበጥ እንደሚበቃ ለማወቅ ሒሳቡን ሠራሁ፦ በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ካሉት ሁለት ቀለበቶች አንዱ በ1 ማይክሮን ዝቅ ቢል፣ ቱቦው አንድ አርክ ሰከንድ ይዞራል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ብዙ አሥር እጥፍ ነው። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ጫፋቸው ላስቲክ በሆነ ብሎኖች ላይ መተማመኔ አሳፈረኝ።

ይህን ችግር ከዋልታ አሰላለፍ ስህተት መለየት ይቻላል። ዘንጉ ከዋልታው ስቶ ከሆነ ኮከቦቹ በመሪው ኮከብ ዙሪያ ቅስት ይሠራሉ፤ ከእርሱ የራቁት ይበልጥ፣ የቀረቡት ያነሰ ይሳባሉ። የመጉበጥ ችግር ከሆነ ግን ሁሉም በእኩል መጠንና በአንድ አቅጣጫ ይንሸራተታሉ። ሁለት ፎቶ በማነጻጸር ብቻ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ፣ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከማሰቡ በፊት ማንም ሰው ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ግዢ ከዚህ ተነሥቶ የተመረጠ ነው። ስፋቱ 60፣ የትኩረት ርዝመቱ 240 ሚሊሜትር የሆነ አጭር መሪ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ስመርጥ ስለ ሌንሱ ጥራት እምብዛም አልተጨነቅሁም፤ የተመለከትሁት አያያዙን ነበር። ቀለበቶቹ ቱቦውን ዙሪያውን እንዲያቅፉና በአንድ ወፍራም ብረት መሠረት ላይ እንዲቀመጡ፣ ትኩረቱ ከተስተካከለ በኋላ በቁልፍ ብሎን የሚያዝ እንዲሆን፣ ካሜራውም በቱቦው ውስጥ ተንሸራቶ በአንዲት ብሎን ከሚያዝ ይልቅ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገጠም እንዲሆን ፈለግሁ። መፈለጊያ ቴሌስኮፕ በሚሰካበት ትንሽ ጫማ ላይ መግጠሙንም ተውሁ፤ በዋናው ቴሌስኮፕ ቀለበቶች አናት ላይ በሁለት ብሎን አሰርሁት። በሚቀጥለው ጥርት ያለ ሌሊት የአንድ ሰዓት ፎቶዎችን ሳነጻጽር 38 የነበረው ወደ 4 ፒክስል ወርዶ ነበር፤ በ5 ደቂቃ ፎቶ ላይ ደግሞ ይህ ከሲሶ ፒክስል አይበልጥም። ግራፉ ከቀድሞው በጥቂቱ የባሰ፣ 0.7 አካባቢ ነበር። ፎቶዎቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ክብ ኮከብ አሳዩኝ።

ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ጥያቄ መሪው ከዋናው ምን ያህል ሊያንስ ይችላል የሚለው ነው። ጭንቀቱ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ የኮከቡን ቦታ የሚያነበው በፒክስል ቁጥር አይደለም፤ ብርሃኑ በበርካታ ፒክስሎች ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ አይቶ መሃሉን ያሰላል፤ ኮከቡ በቂ ብርሃን ካለው የፒክስል አንድ አሥረኛ ወይም አንድ አምስተኛ ድረስ መለየት ይችላል። በ240 ሚሊሜትር መሪና 2.9 ማይክሮን ፒክስል ባለው ካሜራ አንድ ፒክስል 2.5 አርክ ሰከንድ ነው፤ አንድ አምስተኛው ግማሽ አርክ ሰከንድ ይሆናል፤ 1.6 ለሚያየው ዋና ካሜራ ይህ በቂ ነው። የመሪው ፒክስል ከዋናው ፒክስል እስከ አራት እጥፍ ቢሰፋ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል የሚለው የተለመደ መለኪያ በእኔ ልምድ ትክክል ነው። በዚህ መለኪያ 30 ሚሊሜትር ስፋትና 120 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው፣ ከመዳፍ የማይበልጠው መሪ እንኳ 3.75 ማይክሮን ካለው ካሜራ ጋር 6.4 ስለሚሆን፣ ለ480 ሚሊሜትሩ ቴሌስኮፕ በጠርዙ ላይ ሆኖም ቢሆን ይበቃኝ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ኮከቡ በአንድ ፒክስል ላይ ብቻ እስኪወድቅ ድረስ መሪው አጭር ከሆነ፣ መሃሉን ለማስላት የሚያስችል የብርሃን ክፍፍል አይኖርም።

መሪ ካሜራ ውብ ምስል እንዲያወጣ አይጠበቅበትም፤ ሥራው ደካማ ኮከብን በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከምስሉ ጫጫታ (በዘፈቀደ ከሚታዩ ነጥቦች) ለይቶ ማሳየት ነው። ለዚህ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ይመረጣል፤ ባለ ቀለሙ በየፒክስሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስላለው ከሚመጣው ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል፣ የኮከቡም ብርሃን በአጎራባች ፒክስሎች ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ይመዘገባል። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ ለብዙ ወራት ፕላኔት ለማንሳት የገዛሁትን ባለ ቀለም ካሜራ ለመሪነት ተጠቅሜበት አላሳፈረኝም፤ እንዲህ ያለ ካሜራ በእጁ ያለ ሰው ያንኑ ቢሞክር አይጎዳም። በአጭር መሪ ቴሌስኮፕ ላይ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) መግዛትም አያስፈልግም። ከ5.6 በ3.2 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሴንሰር በ240 ሚሊሜትር ላይ ከአንድ ዲግሪ የሚሰፋ ሰማይ ያሳያል፤ በዚህ ውስጥ ኮከብ አጥቼ አላውቅም። ፒኤችዲ2 በአንድ ጊዜ ብዙ ኮከቦችን ተከታትሎ አማካያቸውን መውሰድ ከቻለ ወዲህ ደግሞ የአንድ ኮከብ ድክመት ይበልጥ ተቃሏል።

ማንኛውንም ካሜራ ቢገዙ ሳይዘገዩ መሥራት ያለብዎት ነገር ቢኖር የጨለማ ፎቶዎችን ማዘጋጀት ነው፤ መሪ ቴሌስኮፑን ከድነው ፕሮግራሙ የሚጠይቃቸውን ፎቶዎች ማንሳት ብቻ ነው። እኔ ይህን ባለማድረጌ አንድ ሌሊት ደመና ሲያልፍ ፕሮግራሙ ኮከቡን ጣለና ሁልጊዜ በርቶ የሚታየውን ብልሹ ፒክስል እንደ ኮከብ ያዘ። ግራፉ 0.05 አርክ ሰከንድ ላይ ወርዶ እንደ ገመድ ቀጥ አለ፤ እኔም እንዲህ ያለ ሌሊት አይቼ አላውቅም ብዬ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ፒክስል ከቦታው አይንቀሳቀስምና ማውንቱ ምንም እርማት ሳይደርሰው 20 ደቂቃ ብቻውን ሄዷል።

ሦስተኛውን ግዢ ያስከተለው ባለ 8 ኢንች ሽሚት-ካሰግሬን ቴሌስኮፕ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 2032 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በ0.63 ማሳጠሪያ ወደ 1280 ይወርዳል፤ በዚያው ካሜራ አንድ ፒክስል 0.6 አርክ ሰከንድ ሆነ። መጀመሪያ ያንኑ 240 ሚሊሜትር መሪ ገጠምሁበትና ያው ሞላላ ኮከብ ተመልሶ መጣ። በዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ትኩረት የሚስተካከለው ዋናው መስታወት ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ነው፤ ለመንሸራተት የሚያስፈልገው ክፍተት መስታወቱ ቴሌስኮፑ ሲዞር በጥቂቱ እንዲዘም ያደርገዋል። በላዩ ላይ የታሰረ መሪ ቴሌስኮፕ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ይህን መዝመም ሊያየው አይችልም።

መፍትሔው ኦፍ አክሲስ ጋይደር የሚባለው ነው፤ በዋናው ካሜራ ፊት የሚገጠም ቀጭን አካል ሲሆን፣ በውስጡ ያለች ትንሽ ፕሪዝም ለፎቶው ከማያስፈልገው የብርሃን ጠርዝ ጥቂቱን ወደ ጎን አጥፋ ለመሪ ካሜራው ታቀብላለች። ሁለቱም ካሜራዎች በአንድ ቴሌስኮፕ ስለሚያዩ መስታወቱ ሲዘም መሪው አብሮ ያየዋል። ዕቃው ራሱ ውድ ባይሆንም አብሮት የሚመጣውን ጣጣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1280 ሚሊሜትር ላይ ያ ትንሽ ሴንሰር የሚያየው ሰማይ 15 በ9 አርክ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ከፍኖተ ሐሊብ ርቀው በሚገኙ ጋላክሲዎች አካባቢ በዚህ መስኮት ውስጥ የሚረባ ኮከብ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፒክስሉ 5.86 ማይክሮን፣ ሴንሰሩ 11.3 በ7.1 ሚሊሜትር የሆነ ካሜራ ገዛሁ፤ ስፋቱ ከቀድሞው አራት እጥፍ ተኩል ነው። የፕሪዝሟን መጠን ግን ማየት ረስቼ ነበር። የመጀመሪያዋ 8 ሚሊሜትር ስለነበረች የትልቁ ሴንሰር ጠርዝ ጨለማ ውስጥ ቀረ፤ 12 ሚሊሜትር ፕሪዝም ያለውን በለውጥ ካመጣሁ በኋላ ነው ካሜራው ዋጋውን ያወጣው። ካሜራና ፕሪዝም አብረው መመረጥ አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ማሳደግ ትርፍ የለውም።

ሌላው ጣጣ ርቀት ነው። ምስሉን ጠፍጣፋ የሚያደርጉ ብዙዎቹ ተጨማሪ ሌንሶች ከኋላቸው እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት፣ በአብዛኛው 55 ሚሊሜትር፣ ይፈልጋሉ። 16.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጋይደር፣ 20 ሚሊሜትር የሆነ የማጣሪያ መዘውርና ሴንሰሩ 17.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የገባ ካሜራ ሲደመሩ 54 ይሆናሉ፤ የቀረችው ቀጭን ቀለበት ብቻ ናት። ከመግዛት በፊት ይህን በወረቀት ላይ ያልደመረ ሰው ዕቃው ከደረሰው በኋላ ቦታ ሊያጣ ይችላል። ጋይደሩ ደግሞ ከማጣሪያው በፊት መሆን አለበት፤ ከኋላ ከሆነ ጠባብ (ጥቂት የብርሃን ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ) ማጣሪያ ሲገባ መሪውም አብሮ ይታወራል።

ትኩረቱን ማስተካከል ሌሊት ከተሞከረ ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ኮከብ የማይታየው ትኩረቱ ስለሳተ ይሁን ወይም በእርግጥ ኮከብ ስለሌለ አይታወቅም። እኔ ሦስት ሌሊት ከደከምሁ በኋላ ቀን ላይ ሩቅ ያለ ምሰሶ ፈልጌ፣ መጀመሪያ ዋናውን ካሜራ አጠራሁ፣ ከዚያ የቴሌስኮፑን ትኩረት ሳልነካ መሪ ካሜራውን ብቻ እያወጣሁና እያስገባሁ ምሰሶው ጠርቶ እስኪታይ ድረስ አስተካከልሁት። በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ ሌሊት የቀረችው ማስተካከያ የጥፍር ያህል ነበረች። የሚያዩት ኮከብ በምስሉ ጠርዝ ላይ ስላለ ክብ አይሆንም፤ እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋ ሊመስል ይችላል። ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ ቅርጹ እስካልተለዋወጠ ድረስ ፕሮግራሙ መሃሉን ያገኛል።

ለየትኛው ማሻሻያ ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባ የሚወስነው ከአየሩ ጋር ያለው ድምር ነው። የአየሩ መናወጥ ብቻውን የኮከቡን ስፋት 2.5 አርክ ሰከንድ ካደረገው፣ በእያንዳንዱ ዘንግ 0.7 የሆነ የምሪት ስህተት ሲጨመርበት ወደ 3.0 ያደርሰዋል፤ ስህተቱ ወደ 0.4 ቢወርድ 2.7 ይሆናል። አንድ ፒክስሉ 1.6 ለሆነው ቴሌስኮፕ ይህ ልዩነት በፎቶው ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፤ 0.6 ለሆነው ግን ይታያል። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ የሁለቱን ዘንጎች እኩልነት መመልከት እመርጣለሁ፤ ሁለቱም 0.8 ቢሆኑ ኮከቡ ክብ ይሆናል፣ አንዱ 0.4 ሌላው 1.0 ቢሆን ግን አማካዩ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ኮከቡ ይሞልላል።

ስለ ገመድ ጥቂት ልበል። በብዙ መሪ ካሜራዎች ላይ ኤስቲ-4 የሚባል መሰኪያ አለ፤ ስሙን የወሰደው ኤስቢግ ከተባለው ኩባንያ የቀድሞ መሪ ካሜራ ነው። ማውንቱ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ከሆነ ይህን መሰኪያ ባዶ መተው ይሻላል፤ እርማቱ በማውንቱ ገመድ በኩል ሲላክ ፕሮግራሙ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚያይና በማውንቱ በየትኛው ጎን እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ቦታ በተለወጠ ቁጥር ካሊብሬሽን (ማውንቱ ለትእዛዝ ወዴትና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ፕሮግራሙ የሚለካበት ሥራ) መድገም አያስፈልግም። ለመሪ ካሜራ ዩኤስቢ 2 በቂ ነው። የሚንጠለጠል ገመድ ግን በግራፉ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ያመጣል፤ እኔ ሁሉንም ገመድ ወደ ማውንቱ ማእከል አስጠግቼ ካሰርሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝላይ ጠፍቷል።

የማውንቱ ዓይነትም ምርጫውን ይለውጠዋል። እንደ እኔው በዎርም የሚዞር ማውንት ስህተቱ ዝግ ያለ ስለሆነ መሪ ካሜራው ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ብርሃን ቢሰበስብ ይመረጣል፤ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ፕሮግራሙ የአየሩን መንቀጥቀጥ የማውንት ስህተት መስሎት ሲያባርር ይውላል። ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ሳይፈልጉ የሚሠሩት ሃርሞኒክ ድራይቭ የተባለ የማርሽ ዓይነት ያላቸው ማውንቶች ግን ስህተታቸው ሰፋ ያለና ፈጣን ስለሆነ ከ1 ሰከንድ ያልበለጠ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ለእነርሱ ብርሃን በፍጥነት የሚሰበስብ ካሜራና ሰፋ ያለ መሪ ሌንስ መግዛት አግባብ ነው። ለጠባብ ዓላማ የሚሠራ፣ ለምሳሌ 50 ሚሊሜትር የካሜራ ሌንስ በትንሽ ማውንት ላይ ጭኖ በ30 ሰከንድ ፎቶ ፍኖተ ሐሊብን የሚያነሳ ሰው፣ መሪ ሳይኖረው ደኅና ይሠራል። ይሁንና መሪ ሥርዓት በየፎቶው መካከል ቴሌስኮፑን በጥቂት ፒክስል ወዲያና ወዲህ የማንቀሳቀስ ጥቅምም አለው፤ ፎቶዎቹ ሲደራረቡ የሴንሰሩ ጉድለት በአንድ መስመር እንዳይከማች የሚያደርገው ይህ ነው። እኔ ለአጭሩ ቴሌስኮፕ መሪውን ሳላወልቅ የተውሁት በግማሹ ለዚህ ነው።

አዲስ ዕቃ ሲደርሰኝ አሁን የመጀመሪያውን ሌሊት ፎቶ ለማንሳት አልጠቀምበትም። ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ወገብና ወደ ሜሪዲያን (ሰማዩን በምሥራቅና በምዕራብ የሚከፍለው መስመር) አካባቢ፣ ከአድማሱ ከፍ ወዳለ ቦታ አዙሬ ካሊብሬሽኑን እሠራለሁ፤ ወደ ዋልታው ተጠግቶ የተሠራ ካሊብሬሽን በራይት አሴንሽን አቅጣጫ የኮከቡ ጉዞ ስለሚያጥር ልኬቱ ይዛባል። ለእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ የተለየ ፕሮፋይል ከፍቼ የመሪውን የትኩረት ርዝመትና ፒክስል በትክክል አስገባለሁ፤ ይህ ከተሳሳተ ግራፉ የሚያሳየው አርክ ሰከንድ ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ እየመራሁ በየ5 ደቂቃው ፎቶ እወስድና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አነጻጽራለሁ። መንሸራተቱ በሰዓት ከ10 ፒክስል በላይ ከሆነ ማቀፊያውን እንደገና እፈትሻለሁ፤ ካልተስተካከለም የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ዕቃውን ወደመጣበት እልከዋለሁ።